ጦር ሲበተን ስሙ የት ይገባል?

ግንቦት 6 ቀን 1960 ዓ.ም. በደቡብ ስኮትላንድ፣ ዳግላስ በምትባል መንደር ሜዳ ላይ አንድ ጦር የራሱን ቀብር ቆሞ አስፈጸመ። ሬሳ የለም፤ ሣጥንም የለም። ወታደሮች ተሰለፉ። በሜዳው ዙሪያ ጠባቂዎች ተመደቡ። አካባቢው ሰላም መሆኑ ለቄሱ ተነገረና ጸሎቱ ተጀመረ። በመጨረሻ ሰንደቁ ወረደ፤ ወታደሮቹም ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ ሜዳውን ለቀው ወጡ። «ካሜሮንያንስ» የሚባለው የስኮትላንድ እግረኛ ሬጅመንት መደበኛ ሻለቃ ከዚያች ሰዓት በኋላ የለም።

«ታዲያ ይህ ለባሕር ዳር ሰው ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ምኑ እንደሆነ እንመልከት።

ይህ ሬጅመንት ከ279 ዓመት የውጊያ ታሪኩ መርጦ በክብር መዝገቡ ካሰፈራቸው ስሞች አንዱ «አቢሲኒያ» ነው። የእኛ አገር ስም ማለት ነው። 26ኛው የካሜሮንያን ሬጅመንት በዚያን ጊዜ መጠሪያው፣ በጄኔራል ናፒየር ሥር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከመጡት የእንግሊዝ ክፍሎች አንዱ ነበር። መቅደላ የተሰበረችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ሬጅመንቱ ራሱን የቀበረው ግንቦት 6 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ልክ 100 ዓመት ከአንድ ወር። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ግን አንዳንድ ግጥምጥሞሽ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ እነሱ ጦራቸውን ሲበትኑ እንዲህ ከበተኑ፣ እኛ እንዴት ስንበትን ኖርን? ያ አበታተናችንስ ምን አመጣብን?

ከጣና ዳር የጀመረ ጠብ

የመቅደላ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወሎን ነው። የጠቡ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ ግን የተጻፈው እዚሁ ጣና ዳር ነው። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቆራጣ ላይ ሰፍሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ሠራዊታቸውን ይዘው ዘጌ ላይ። ታስሮ የነበረው ቆንስል ካሜሮንና ጓደኞቹ ተፈትተው ቆራጣ ድረስ መጥተው ነበር። ነገሩ የተፈታ ሲመስል በሚያዝያ ወር እንደገና ተቋጠረ፤ እንግዶቹ ተመልሰው እስረኞች ሆኑ፤ በመጨረሻም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ዛሬ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ ገዳማቱን ለማየት ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው፣ አንድ የንጉሥ ጦር የሰፈረበትን ምድር እየረገጠ ነው። የሚናገር ምልክት ግን ብዙም አያገኝም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጥራ። ሬጅመንቱ «ካሜሮንያን» የተባለው በእስረኛው ቆንስል ስም አይደለም። ስሙ የመጣው በ1680 እ.ኤ.አ. ከተገደለው ሰባኪ፣ ከሪቻርድ ካሜሮን ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝና የስኮትላንድ ነገሥታት የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እኛ እንወስን ሲሉ፣ አንቀበልም ያሉ ስኮትላንዳውያን ወደ ዱርና ወደ ኮረብታ ወጥተው መጸለይ ጀመሩ። የንጉሡ ፈረሰኞች እንዳይደርሱባቸው ዙሪያውን ጠባቂ ያቆሙ ነበር። የሱስንዮስን ዘመን ታሪክ ለሚያውቅ የጣና ዳር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሃይማኖት ሲለውጥ ገበሬ ምን እንደሚሆን፣ ገዳም ምን እንደሚሆን፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱ እስኪመለስ ድረስ ስንት ደም እንደፈሰሰ እዚህ ይታወቃል።

በ1689 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ፖለቲካ ሲገለበጥ፣ እነዚያ የዱር ጸሎተኞች በዳግላስ ተሰብስበው ለአዲሱ መንግሥት ሬጅመንት ሆኑ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ደንከልድ በምትባል ከተማ በብዙ እጥፍ የሚበልጣቸውን የደጋ ጦር መክተው መለሱ። አዛዣቸው ዊልያም ክሌላንድ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው እዚያው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ወታደሩ ወደ ሜዳ ጸሎት ሲሄድ ጠባቂ የማቆም ልማዱ አልቀረም። አሳዳጅ ንጉሥ ከጠፋ 200 ዓመት አልፎም ጠባቂው ይቆማል፤ «አካባቢው ሰላም ነው» ይባላል፤ ጸሎቱ ይጀመራል። በ1960 ዓ.ም. በመጨረሻው ቀን የሆነውም ይኸው ነው። ሲወለዱ ያደረጉትን ሲሞቱም አደረጉት።

ስም ያለውና ስም የሌለው ሟች

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእነሱ የክብር መዝገብ ለእኛ የሐዘን መዝገብ ነው። መቅደላ ከመሰበሯ 3 ቀን ቀደም ብሎ፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ከቴዎድሮስ ወገን 700 ገደማ ሰው አለቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ገደማ ነው። የመቅደላን በር ጥሶ የገባው ካሜሮንያን ሳይሆን 33ኛው ሬጅመንት ነው። ከገቡት ሁለቱ፣ ከበሮ መቺው ማግነርና ተራ ወታደሩ በርጊን፣ የአገራቸውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሸለሙ። ከዚያ ዘረፋው መጣ። የተዘረፈውን ቅርስና መጽሐፍ ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ዕቃው ደላንታ ላይ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ።

አሁን ይህን አስተውሉ። ከገዳዩ ወገን የከበሮ መቺው ስም ሳይቀር ተጽፏል። ከሟቹ ወገን ከ700ው ስንቱን በስም እናውቃለን? ፊታውራሪ ገብርዬን። ሌላስ? ሌላው «የገብርዬ ጭፍራ» ነው። ጭፍራ ሆኖ ኖረ፤ ጭፍራ ሆኖ ሞተ፤ ጭፍራ ሆኖ ቀረ።

«እነሱ ፊደልና ወረቀት ስለነበራቸው ነው» እንዳይባል፣ ፊደሉ እኛም ጋ ነበር። ዜና መዋዕል የሚጽፍ ጸሐፊም ነበር። የጸሐፊው ዐይን ግን ያረፈው በንጉሡና በመኳንንቱ ላይ ነው። ጦሩ የንጉሡ ነበር። ንጉሡ ሲወድቅ ጦሩም አብሮ ይወድቃል፤ ስሙም አብሮ ይቀበራል። ይህ ልማድ ከመቅደላ ጋር ያበቃ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ብለን እንተወው ነበር። አላበቃም።

ከኮርያ እስከ ታኅሣሥ ግርግር

በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተመለመለ አንድ ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘመተ። ስሙ «ቃኘው» ነው፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም። በጦርነቱ ዘመን በሦስት ዙር ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ ለጠላት የተማረከ አንድም አልነበረም። በዚያው ጦርነት፣ በዚያው በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር፣ የስኮትላንድ ሬጅመንቶችም ነበሩ። «ብላክ ዎች» የሚባለው በ1952 እ.ኤ.አ. ሁክ በተባለው ኮረብታ ላይ ያደረገው ውጊያ በሬጅመንቱ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። የመቅደላ ልጅና የስኮትላንድ ልጅ በአንድ ወገን ቆሙ ማለት ነው።

የብላክ ዎቹ ወታደር አገሩ ሲገባ ሬጅመንቱ ቆሞ ጠበቀው። የቃኘው ወታደር አገሩ ሲገባ መጀመሪያ በአበባ ተቀበሉት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መጣ። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመሩት ሙከራ ከሸፈ፤ ጄኔራሉ ተሰቀሉ። ያ ሁሉ ዝና የነበረው ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚታፈርበት ስም ሆነ። የኮርያ ዘማች መሆንና የከዳተኛ ክፍል አባል መሆን በአንድ ሰው ደረት ላይ ተጋጩ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ባሰ። አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ወዳጅ ሆነ። በአዲስ አበባ የቆመውን የትግላችን ሐውልት ሰሜን ኮርያ ነች በስጦታ ያሠራችው። ልብ በሉ፤ የኢትዮጵያ ወታደር ሄዶ የተዋጋው ከማን ጋር ነበር? የቃኘው ሰው በዚያ ሐውልት ሥር ሲያልፍ ሜዳልያውን ኪሱ ውስጥ እንጂ ደረቱ ላይ አላደረገም።

የእነዚያን ሰዎች ስም ማን ጠበቀው? በዋናነት ደቡብ ኮርያ። ቹንቾን በተባለች ከተማ የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ቆሟል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ሄደው በመረቃው ላይ የተገኙት በግንቦት 1960 ዓ.ም. ነው። ያው ግንቦት! ዳግላስ ላይ ስኮትላንዶቹ ጦራቸውን በቀበሩበት ወር፣ ቹንቾን ላይ ኮርያውያን የእኛን ጦር ስም ተከሉ። እኛ ደግሞ ጥቂት ዓመት ቆይተን ያንን ስም በገዛ አገሩ አፈናቀልነው። የእኛን ወታደር ባዕድ ሲያስታውስልን ማመስገን ይገባል። ማፈርም ይገባል።

«የቀድሞው» የሚባል ስም

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ሁሉ የሚበልጥ መበተን ሆነ። በዚህ አካባቢ ነገሩ ያለቀው ቀደም ብሎ፣ በየካቲት፣ «ቴዎድሮስ» የሚል ስም በተሰጠው የኢሕአዴግ ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም ሲያዙ ነው። (የቴዎድሮስን ስም ሁሉም ይፈልገዋል፤ የቴዎድሮስን ወታደር ግን ማንም አይፈልገውም።) በጠቅላላው ከ400,000 በላይ ወታደር ተበተነ። በአፍሪካ ከታዩት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዳልነበር ሆነ። ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ወታደሩ በየካምፑ ተሰብስቦ ተሃድሶ ወሰደ፤ ጥቂት ስንዴና ጥቂት ብር ይዞ ወደ መንደሩ ሄደ። ደህና የሠራው ነገር አልነበረም ማለት አይደለም፤ ያን ያህል ሰው ያለ ትልቅ እልቂት ወደ ቤቱ መመለሱ ቀላል ሥራ አይደለም። ዳቦው ታስቦበት ነበር። ስሙ ግን አልታሰበበትም።

ፔዳ አካባቢ ከሚሠሩ ጥበቃዎች አንዱ፣ ተማሪዎች «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ የዚያ ሠራዊት ሰው ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፉ ሰው የሚፈልግ አንድ የታሪክ ተማሪ ቡና ጋብዟቸው ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ የየትኛው ጦር አባል ነበሩ?»

«የቀድሞው።»

«እሱማ ነው። የክፍልዎን ስም ነው የምጠይቅዎት።»

«ልጄ፣ እሱን ጠርቼው አላውቅም። ከወጣሁ ጀምሮ ሰው የሚለኝ ‹የቀድሞው ሠራዊት› ነው። የባሰበት ‹የደርግ ወታደር› ይለኛል። እኔ ደርግን በዐይኔ አይቼው አላውቅም።»

ከዚያ የጠመንጃቸውን ቁጥር፣ አሃዝ በአሃዝ፣ ሳይሳሳቱ ነገሩት። መታወቂያቸውንስ? ከጎንደር በእግር ሲመለሱ ወረታ አካባቢ በሌሊት ከአንድ ዛፍ ሥር ቀብረውታል። በማግስቱ የደንብ ልብሳቸውን በአንድ ገበሬ ቁምጣ ለወጡ። «ዛፉን ለማየት ተመልሰው ያውቃሉ?» አላቸው። «ምን ብዬ?» አሉት።

ዳግላስ ላይ አንድ ሬጅመንት ሲቀበር ቄስ ነበር፣ ሰልፍ ነበር፣ ሚስትና ልጅ ቆመው ያዩ ነበር። ወረታ ላይ የተቀበረው ብቻውን ነው፤ በሌሊት፣ በአንድ ሰው እጅ። ሰውዬው ያን ሌሊት የቀበሩት ወረቀት ብቻ አይደለም። የወጣትነታቸውን ዓመታት ነው። ያንን ዕድሜ «እንዲህ ነበርኩ» ብለው ለልጅ የሚያወርሱበት ቃል አላገኙም።

እዚህ ጋ ስለ ፔዳ ስም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ፔዳ የተባለው ከ«ፔዳጎጂ አካዳሚ» ነው። አካዳሚው ዛሬ የለም። መጀመሪያ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በወረቀት ደረጃ ከተዋጠ ቆይቷል። ሆኖም ባጃጅ ነጂው «ፔዳ! ፔዳ!» ብሎ ይጣራል፤ ተማሪው «ፔዳ ነኝ» ይላል፤ ከተማው በሙሉ በዚያ ስም ይግባባል። ተቋም ሲፈርስ ስሙ የግድ አይፈርስም ማለት ነው። ስም የሚሞተው የሚጠራው ሰው ሲያፍርበት ወይም ሲፈራበት ነው። በፔዳ ስም የሚያፍር የለም። የወታደሩ ስም ግን በየመንግሥቱ ለውጥ የሚታፈርበት ይሆናል።

መጋቢት 2015

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር የሚመስለው አንባቢ ቅርቡን ያስታውስ። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን እንደሚያፈርስና አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንደሚገቡ አስታወቀ። በአማራ ክልል ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ። መንግሥት «መልሶ ማደራጀት ነው» አለ፤ ተቃዋሚው «ትጥቅ ማስፈታት ነው» አለ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የባሕር ዳር ሰው ከማንበብ አልፎ ኖሮበታል።

ልዩ ኃይሎቹ ሕጋዊ መሠረት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም፣ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ትልቅ ክርክር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አይቋጭም። አንድ ነገር ግን ከየትኛውም ወገን ለቆመ ሰው ግልጽ መሆን አለበት። ከጥቂት ወራት በፊት በጦርነት ላይ የነበረን፣ ጓደኛውን የቀበረን ሰው «ክፍልህ ፈርሷል» በሚል መግለጫ ማሰናበት አይቻልም። ይበተን ከተባለ እንኳ የሚበተንበት ወግ አለ። ሟቾቹ በስም ይነበባሉ። ሰንደቁ በክብር ይወርዳል። ለቤተሰብ ደብዳቤ ይጻፋል። ያገለገለበት ዘመን በወረቀት ይሰጠዋል። ይህ ቢደረግ ግጭቱ አይነሳም ነበር የሚል ድፍረት የለም፤ መንስኤው ብዙ ነው። ግን ወግ የሌለው መበተን ሰውን ወደ ቤቱ አይመልሰውም። መንገድ ላይ ነው የሚተወው።

እነሱም መላእክት አይደሉም

ስኮትላንዶቹን ማሞካሸት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ካሜሮንያኖቹ በ1962 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሚንደን ከተማ ሰፍረው ሳሉ ከነዋሪው ጋር በፈጠሩት ጠብ የተነሳ ጀርመኖች «መርዘኛ ድንኮች» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። የሬጅመንት ፍቅር ከመጠን ሲያልፍ የጎጥ ፍቅር ይሆናል። የክብር መዝገብም የዘረፋን ታሪክ በአንዲት ቃል ሸፍኖ ያልፋል፤ «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል ስለ 15ቱ ዝሆኖች ጭነት ምንም አይናገርም። ልዑል ዓለማየሁ በባዕድ አገር ሞተው ዊንድዘር መቀበራቸውንም አይናገርም።

የእኛም ወታደር ታሪክ ንጹሕ አይደለም። በሰኔ 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ የጣለው የዚሁ የቀድሞው ሠራዊት አየር ኃይል ነው። ስም ይመለስ ሲባል በደልም አብሮ ይጻፍ ማለት ነው። እንዲያውም በደል በትክክል የሚጻፈው ስም ሲኖር ነው። «ወታደር ገደለ» ከሚል ወሬ ማንም አይጠየቅም። የትኛው ክፍል፣ በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው ቀን ሲባል ግን ጥፋተኛውና ንጹሑ ይለያሉ። ስም ስናጠፋ ጀግናውን ብቻ አይደለም የምናጠፋው፤ ወንጀለኛውንም እንደብቀዋለን።

ለምን ይህን ያህል ስለ ስም? በ1915 እ.ኤ.አ. በመጋቢት፣ ኑቭ ሻፔል በተባለው የፈረንሳይ የውጊያ ቦታ፣ የዚሁ ሬጅመንት 2ኛ ሻለቃ ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ 150 ገደማ ሰው ይዞ ወጣ። መኮንኖቹ ከሞላ ጎደል ሞተው ወይም ቆስለው፣ የቀሩትን የመራቸው አንድ ምክትል መቶ አለቃ ነበር። በኋላ ጆን ቤንስ የተባለ የሬጅመንቱ መኮንን «እነዚህ ሰዎች ለምን አልፈረሱም?» ብሎ አንድ መጽሐፍ ሙሉ መረመረ። ከመልሶቹ ዋናው ንጉሡም፣ ፖለቲካውም አልነበረም፤ ሬጅመንታቸው ነው። ጓደኛዬ ያየኛል፣ ስማችን ይቆሽሻል የሚለው ነው። ያንን ያህል ኃይል ያለውን ነገር በአንድ የሬዲዮ መግለጫ አጠፋሁት የሚል መንግሥት ሥራውን አልጨረሰም። ኃይሉ መልኩን ለውጦ ሌላ ቦታ ይወጣል።

ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ካሜሮንያኖቹን ያቆያቸው ሦስት ነገር ነው፦ ቀን፣ ቦታና መዝገብ። ቀናቸው ግንቦት 6 ነው። ቦታቸው ዳግላስ ያለው የድንጋይ ካብ ነው። መዝገባቸው ሀሚልተን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው። የተረፉት አዛውንትና የልጅ ልጆቻቸው በዚያ ሜዳ ለመታሰቢያ ጸሎት ሲሰባሰቡ ኖረዋል። ሬጅመንቱ ሲበተን ከሌላ ጋር ተዋሐዱ ተብሎ ምርጫ ቀርቦለት ነበር፤ ከስሜ መበተኑ ይሻለኛል አለ። ሌሎቹ የስኮትላንድ ሬጅመንቶች በ2006 እ.ኤ.አ. በአንድ ላይ ተዋሐዱ፤ ብላክ ዎች ያኔ ሬጅመንት መሆኑ ቀርቶ ሻለቃ ሲሆን እንኳ ስሙን ይዞ ገባ። መንግሥታቸው ወጪ ቀነሰ፤ ስም ግን አልቀማም።

በባሕር ዳር፣ አባይ ዳር፣ የሰማዕታት ሐውልት አለ። የቆመው ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት ነው፤ መቆሙ ተገቢ ነው፤ የእናት ልጆች ናቸው። ከነሱ ተቃራኒ ቆሞ የወደቀው የገበሬ ልጅም እናት ነበረችው፤ እሱ በብዙ ሁኔታ ከገበያ ታፍሶ የሄደ ነው። ለእሱ ሌላ ሐውልት ይሠራ ማለት ቀርቶ፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ ደብተር ቢኖር ትልቅ ነገር ነው።

ደብተሩን ለመጀመር መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልግም። ፔዳ ውስጥ የታሪክ ትምህርት ክፍል አለ። በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ አለ። በ1983 የ25 ዓመት ወጣት የነበረው ወታደር ዛሬ 60ን ረግጧል፤ የኮርያ ዘማቾች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የአካባቢውን አዛውንት ወታደር፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አስቀምጦ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃል፦ የክፍልዎ ስም ማን ነበር? አጠገብዎ የወደቀው ማን ይባላል? የት ነው የተቀበረው? በ10 ዓመት ውስጥ ይህች አገር የሌላት መዝገብ ይኖራታል። ስልኩ ይቀዳል፤ ቡናው ርካሽ ነው። የሚያልቀው የሰዎቹ ዕድሜ ነው።

መንግሥታችን ደግሞ፣ የዛሬውም የነገውም፣ አንድ ልማድ ቢማር ይበቃዋል። ጦር ማቋቋም ሥርዓት እንዳለው ሁሉ ጦር መበተንም ሥርዓት አለው። ወታደር ሲቀጠር ይምላል፣ ይሰለፋል፣ ሙዚቃ ይመታለታል። ሲሰናበት ግን ብዙውን ጊዜ ዜና ነው የሚሰማው። በሙዚቃ የተቀበልነውን ሰው በዜና አንሸኘውም።

ወታደር ትእዛዝ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ትእዛዙን የሰጠው መንግሥት ቢወድቅ የወታደሩ ድካም አብሮ መውደቅ የለበትም። ግንቦት 6 እና ግንቦት 20 መካከል ያለው ልዩነት 14 ቀን ይመስላል። ልዩነቱ ግን አንድ ጦር ተበትኖ ሰው ሆኖ ቤቱ ሲገባ፣ ሌላው ተበትኖ «የቀድሞው» ሆኖ መቅረቱ ነው።